ምን ተውክ? ዘጠኝ የጾም ቀናት በሮማ

ማክሰኞ፣ የካቲት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

እኔ ሮማ ደረስኩ፤ ሻንጣዬ አልደረሰም። ፊዩሚቺኖ አየር ማረፊያ የሻንጣ ማዞሪያው ሲዞር ሲዞር የሰው ሁሉ ዕቃ ተነሣ። በመጨረሻ እኔና አንድ የማላውቀው ሰውዬ ባዶውን ሲሽከረከር ቆመን እያየን ቀረን። የአየር መንገዱን ስም አላነሳም። ያንገበገበኝ ግን ልብሱ አይደለም። ሻንጣው የእናቴ ነው ማለት ይቀላል፦ ሦስት ኪሎ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ድርቆሽ፣ ኮሰረት። ዐቢይ ጾም ከገባ ዛሬ ዘጠነኛ ቀናችን ነው። ያለ ሽሮ በጣሊያን አገር እንዴት እንደሚጾም እግዜር ይወቀው።

የመጣሁት እታለም ዘንድ ነው። የእናቴ ታላቅ እህት ናት። እታለም ስሟ አይደለም፤ ቤተሰቡ በሙሉ ግን ሌላ ስም ያላት አይመስለውም። ሮማ ከገባች 32 ዓመቷ። አንዲት የ91 ዓመት ሲኞራ ትጦራለች፤ ራሷ የምትኖረው ፒያሳ ቪቶሪዮ አካባቢ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። አያቴ የእምድብር ካቶሊክ ነበሩ። እናቴ አባቴን ስታገባ ወደ ኦርቶዶክስ ዞረች፤ እታለም በአባቷ እምነት ጸናች። እኔም ሁለቱ እህትማማቾች በየዓመቱ በስልክ ስለ ጾም ሲነታረኩ እየሰማሁ ነው ያደግኩት።

ዛሬ እነሱ ቅበላ ላይ ናቸው። «ማርቴዲ ግራሶ» ይሉታል፤ የሰባ ማክሰኞ እንደማለት። ከሜትሮው እስከ ቤቷ ድረስ ዳቦ ቤቱ ሁሉ ፍራፔ ደርድሯል። ስስ ሆኖ የተጠበሰ፣ ስኳር የተነሰነሰበት ነገር ነው። አስፋልቱ ሕፃናት በበተኑት የወረቀት ብጥስጣሽ ዥንጉርጉር ብሏል። የእኛ ቅበላ ካለፈ ከሳምንት በላይ ስለሆነው አየሁና አለፍኩ።

ለእራት ሽምብራ በፓስታ ሠራችልኝ። ሮማውያን ለጾም የሚበሉት የቆየ ምግብ ነው። ትንሽ የጨው ዓሣ ጣል የሚያደርጉበት አሉ፤ እሷ ለእኔ ስትል ተወችው። እየበላን የእነሱን ሕግ አስረዳችኝ። ከነገ ረቡዕ እስከ ቅዳም ስዑር 46 ቀን ነው። ስድስቱ እሑዶች አይቆጠሩም፤ 40 ይመጣል። ከ18 እስከ 59 ዓመት ያለ ሰው በግድ የሚጾመው ግን ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ የአመድ ረቡዕና ስቅለት። በእነዚያ ቀናት አንድ ሙሉ ምግብና ሁለት ቀለል ያለ ይፈቀዳል። ዓርብ ዓርብ ሥጋ የለም። ወተትና እንቁላል ይበላል።

ሳቅሁ። «እንዲህ ያለውንማ እኛ ጾም አንለውም፤ እረፍት ነው» አልኳት።

«አንተ ምን ተውክ?» አለችኝ።

«ሥጋ። ቅቤ። ወተት። እንቁላል። ያውም 55 ቀን።»

«እሱንማ ቤተ ክርስቲያን ናት ያስተወችህ። አንተ ምን ተውክ?»

ሽምብራዬን በላሁ።

ፍሪጁ ላይ ከቁምስናዋ፣ ከአጥቢያ ቤተ ክርስቲያኗ ማለት ነው፣ የተሰጠ ትንሽ የካርቶን ሣጥን አለ፤ አናቱ ላይ የሳንቲም ቀዳዳ አለው። በጾም የተጠራቀመው ለድሆች ይሰጣል። እሷ በዚህ ዓመት የተወችው ማጉረምረም ነው። ባጉረመረመች ቁጥር አንድ ዩሮ። «ዘንድሮ ሣጥኑ ሳይሞላ አይቀርም» አለች፤ ሲኞራዋን ማለቷ ነው።

ረቡዕ፣ የካቲት 26

እሷ ሥራ ሄደች። እኔ ብቻዬን ወደ አቬንቲኖ ኮረብታ ወጣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጥንት ዘመን የሮማው ጳጳስ በዐቢይ ጾም በየቀኑ ወደ አንድ የተለየ ቤተ ክርስቲያን ይሄዱ ነበር። ሕዝቡ አንድ ቦታ ይሰበሰብና እየዘመረ በእግሩ ይከተላቸዋል። «ስታዚዮ» ይባላል። ጳጳሳቱ ወደ አቪኞን ሲሄዱ ልማዱ ተቋረጠ፤ የአብያተ ክርስቲያናቱ ዝርዝር ግን አልጠፋም። ዛሬም እያንዳንዱ የጾም ቀን የራሱ ቤተ ክርስቲያን አለው። የመጀመሪያው ቀን የሳንታ ሳቢና ነው።

ሳንታ ሳቢና የ5ኛው መቶ ዘመን ሕንጻ ናት። ከቅዱስ ዶሚኒኮስ ዘመን ጀምሮ የዶሚኒካውያን መነኮሳት ናት። ሰው ሁሉ ወደ ውስጥ ሲገባ እኔ ደጃፉ ላይ ቀረሁ። በሩ ከፈረንጅ ጥድ እንጨት የተሠራ ነው፤ እሱም የዚያው ዘመን። 1,600 ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው። የተቀረጹ ሥዕሎች አሉት፤ 18 ያህሉ ተርፈዋል። በግራ በኩል ከላይ ያለችው ትንሿ፣ ስቅለትን ከሚያሳዩ በዓለም ላይ ካሉ ጥንታዊ ሥዕሎች አንዷ ናት። አንገቴን አቅንቼ ብዙ አየኋት። ጌታ መሐል፣ ሁለቱ ወንበዴዎች ከግራና ከቀኝ። እሱ ትልቅ፣ እነሱ ትንንሽ። እጆቹ ተዘርግተዋል፤ መስቀሉ ግን በወጉ አይታይም። የሚጸልይ ሰው ነው የሚመስለው። እኛ ቤት ቄሱ እጃቸውን ሲዘረጉ እንደምናየው።

ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ሰልፉ ከሳንታንሴልሞ ተነሣ። መንገዱ አጭር ነው፤ የጥቂት ደቂቃ። መነኮሳቱ የቅዱሳንን ስም እየጠሩ ያልፋሉ፤ ሕዝቡ «ጸልዩልን» ይላል። ፊት መሄድ የነበረባቸው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ የሉም። ጄሜሊ ሆስፒታል ከገቡ ሦስተኛ ሳምንታቸው ነው፤ ሁለቱም ሳንባቸው ታሟል። በእሳቸው ፈንታ ካርዲናል አንጀሎ ዴ ዶናቲስ መጡ። አጠገቤ የቆመች አሮጊት ሰልፉ እስኪያልቅ መቁጠሪያዋን አልለቀቀችም።

ማታ ከእታለም ጋር አመድ ለመቀበል ቁምስናዋ ሄድን። አመዱ ባለፈው ሆሳዕና ከተባረከ የወይራ ዝንጣፊ የተቃጠለ ነው። ልነሣ አልነሣ እያልኩ ሳመነታ በክርኗ ነካችኝ። «ቁርባን አይደለም። አፈር መሆንህን ለማስታወስ ኦርቶዶክስ ካቶሊክ የለውም።» ተሰለፍኩ። ጣሊያኖች ግንባር ላይ አይቀቡም፤ አናት ላይ ነው የሚነሰንሱት። ቄሱ በሁለት ጣታቸው ቆንጥረው «ንስሐ ግቡ፣ በወንጌልም እመኑ» አሉኝ። ክብደት የለውም። ትንሽ ብናኝ ቅንድቤ ላይ ወረደች፤ ልጠርጋት አልደፈርኩም።

የገረመኝ ወንጌሉ ነው። በዚሁ ቀን የሚነበበው ማቴዎስ ምዕራፍ 6 ነው፦ ስትጾም ለሰው አትታይ፣ ራስህን ተቀባ፣ ፊትህን ታጠብ። እንዲህ አንብበው ሲያበቁ አናታችን ላይ አመድ! ስንወጣ ይህን ብላት ነጠላዋን እያራገፈች «ታዲያ ቤት ስንገባ ታጠባለህ» አለችኝ።

ሐሙስ፣ የካቲት 27

11 ሰዓት ሌሊት ቀሰቀሰችኝ። ሰው አገር ለእረፍት መጥቼ!

በጾሙ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በዕለቱ ተረኛ ቤተ ክርስቲያን የሚቀደሰው በእንግሊዝኛ ነው። የሚያዘጋጁት አሜሪካውያን የዘርዓ ክህነት ተማሪዎች ናቸው። ሮማውያኑ ማታ ማታ ነው የሚሄዱት። እታለም እንግሊዝኛ አትችልም። ግን 3 ሰዓት ላይ ሲኞራዋ ቤት መድረስ ስላለባት የሚመቻት የጠዋቱ ነው። «ቅዳሴ እንደሁ ቅዳሴ ነው፤ የት ጋ እንደምነሣና የት ጋ እንደምንበረከክ አውቃለሁ» ትላለች።

የዛሬው የቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፤ ሳን ጆርጆ ኢን ቬላብሮ። አድዋን ካከበርን አራት ቀናችን ነው። ከዚያ ወዲያ ጣሊያን አገር ጊዮርጊስን መሳለም! ለራሴ ፈገግ አልኩ። ከመንበሩ በስተጀርባ ጣሪያው ላይ ባለው ሥዕል ጊዮርጊስ ከነነጭ ፈረሱ ቆሟል። ፈረሱን ስናይ እታለም «ያው ነው» አለች በሹክሹክታ። ከመንበሩ ሥር ደግሞ የራስ ቅሉ አለ ይባላል።

ውጭ ያለው የበረንዳ ዓምድ ሌላ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1993 ማፍያ እኩለ ሌሊት ላይ መኪና ውስጥ ቦምብ አፈነዳበት። በረንዳው እንዳለ ተናደ። ፍርስራሹን ለቅመው፣ በየመልኩ ለይተው፣ መልሰው ገጠሙት። አሁን ብታዩት የተነካ አይመስልም። እታለም ያኔ አዲስ ገቢ ነበረች። «ጣሊያን ሰላም አገር ነው ብለው አይደል የላኩኝ» ብላ ትስቃለች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የቤት ሠራተኞች እረፍት ነው። የድሮ ልማድ ነው፤ ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ። ተርሚኒ አካባቢ ሐሙስ ሐሙስ አማርኛና ትግርኛ የበዛው በዚህ ምክንያት ነው። ጓደኞቿ ጋ ቡና ጠጣን። ማኪያቶ አማረኝና «የጾም አለ?» ብዬ በአማርኛ ጠየቅኩ፤ አስተናጋጁ በጣሊያንኛ አፈጠጠብኝ። በሶያ ወተት ተሠራልኝ። ደህና ነው፤ የኦቾሎኒውን ያህል ግን አይደለም።

ማታ 3 ሰዓት ላይ የቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ሄድን። ከየካቲት 17 ጀምሮ በየምሽቱ ለፍራንቸስኮስ የመቁጠሪያ ጸሎት ይደረጋል። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሊጀመር ሲል ድምፃቸውን ቀድተው እንደላኩ ተነገረና ከድምፅ ማጉያው ለቀቁት። በስፓኒሽ ነው። ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። በየቃሉ መሐል ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ለጸሎታችሁ አመሰግናለሁ፣ እኔም ከዚህ አብሬያችሁ ነኝ የሚል ነው። ሲያልቅ ጸጥ አለ፤ ከዚያ ጭብጨባ። እታለም አላጨበጨበችም፤ ክንዴን ጨብጣ ቆመች። ለዘንድሮ ጾም ያወጡት መልእክት ርእሱ «በተስፋ አብረን እንጓዝ» ነበር። እሳቸው አልጋ ላይ ናቸው፤ የምንጓዘው እኛ።

ዓርብ፣ የካቲት 28

የዛሬው የቅዱሳን ዮሐንስና ጳውሎስ ነው፤ ቼሊዮ ኮረብታ ላይ። ሐዋርያቱ መስለውኝ ነበር። አይደሉም። በሃይማኖት ከሃዲው ዩልያኖስ ዘመን በገዛ ቤታቸው አንገታቸውን የተቀሉ ወንድማማቾች ናቸው ይባላል። ቤተ ክርስቲያኑ ሥር የጥንት የሮማውያን ቤቶች ከነግድግዳ ሥዕላቸው አሉ። ላይኛው ግን በብርጭቆ መብራት የተንቆጠቆጠ ስለሆነ የሠርግ አዳራሽ ይመስላል። ለጾም ትንሽ በዛብኝ።

ከዚያ በፊት ግን ሌላ ቦታ አቆመችኝ። ከቺርኮ ማሲሞ ሜትሮ እንደወጣን የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት፣ የፋኦ፣ ሕንጻ አለ። የጣሊያን አፍሪካ ሚኒስቴር ተብሎ የተሠራ ነው። ከፊቱ ያለው አደባባይ ላይ የአክሱም ሐውልት ከ1937 ጀምሮ ቆሞ ነበር፤ በፈረንጆች ነው የምቆጥረው። 24 ሜትር። በ2002 መብረቅ መታው፤ በ2003 ነቀሉት፤ በ2005 አገሩ ገባ።

«ስንቀጣጠር ‹ሐውልቱ ጋ› ነበር የምንባባለው» አለችኝ እታለም። «ቤተሰብ መጣ፣ ሐውልቱ ጋ። ደብዳቤ የሚወስድ ሰው ተገኘ፣ ሐውልቱ ጋ። ሲነቅሉት አለቀስኩ።»

«በደስታ?»

«እኔ እንጃ። የምንቀጣጠርበት አጣን።»

አሁን እዚያ ሁለት የሮማ ዓምዶች ቆመዋል፤ የመስከረም 11ዱን የአሜሪካ ሟቾች ለማሰብ። ሰው ሁሉ ወደ ሥራው እየሮጠ ያልፋል።

ማታ ቁምስናው ውስጥ ፍኖተ መስቀል ነበር፤ የጌታን የመስቀል ጉዞ የሚያስታውስ ጸሎት ነው። 14 ማረፊያ፣ 14 ጊዜ መንበርከክ። የስቅለት ስግደትን ያየ ሰው አይከብደውም ብዬ ገባሁ። ዘጠነኛው ላይ ጉልበቴን አጎንብሼ ማየት ጀመርኩ። ቤት ስንገባ ሲኞራዋ ቡናውን ሦስት ጊዜ እንዳስመለሰቻት ነገረችኝና ተነሥታ ፍሪጁ ላይ ሦስት ዩሮ ጣለች።

ቅዳሜ፣ የካቲት 29

ሻንጣው የለም። ስልክ ደወልኩ፤ ሙዚቃ አሰሙኝ።

የዛሬው ሳንታጎስቲኖ ነው። ከቅዳሴ በኋላ በግራ በኩል ወዳለው የመጀመሪያ ጸሎት ቤት ሄድን። የካራቫጆ ሥዕል አለ። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ በር ላይ ቆማለች፤ ከፊቷ ሁለት ተሳላሚዎች ተንበርክከዋል፤ አንድ ሰውዬና አንዲት አሮጊት። ሰውዬው ጀርባውን ነው የሰጠን። ጫማ የለውም። የውስጥ እግሩ ወደ እኛ ዞሯል፤ ያደፈና ያበጠ ነው። ሥዕሉ ከፍ ብሎ ስለተሰቀለ እግሩ ከተመልካቹ ፊት ጋር ትይዩ ነው። ሌላው ሁሉ ጨለማ ውስጥ ሲሆን መብራቱ ተረከዙ ላይ ወድቋል።

አራት ቀን ሙሉ ከነጫማዬ ቤተ መቅደስ ስገባ ሲከብደኝ ነው የሰነበተው። ደጃፍ ላይ ስደርስ እግሬ በራሱ ጫማ ሊያወልቅ ይቃጣል። እዚህ ግን ማንም አያወልቅም። የዚያን ሰውዬ እግር ሳይ ቆይቼ ቆይቼ የአገሬ ሰው ያገኘሁ መሰለኝ።

እታለም ሥዕሉን አየት አድርጋ አለፈች። እሷ የመጣችው ለሌላ ነው። የአውግስጢኖስ እናት የቅድስት ሞኒካ መቃብር እዚህ ነው። ልጇ እስኪመለስ ዓመታት ያለቀሰች እናት። እታለም ሚላኖ የሚኖር ልጅ አላት። ስለሱ ብዙ አታወራም። ተንበርክካ ቆየች፤ እኔ ውጭ ጠበቅኳት።

ጦም አዳሪው ሆዴ ስለጮኸ ዳቦ ቤት ገባን። «ማሪቶጾ» የሚባል የሮማ ዳቦ አለ። ዘቢብና የጥድ ፍሬ ያለበት፣ ድሮ ለጾም ተብሎ የሚጋገር ነበር። አሁን መሐሉን ሰንጥቀው በተመታ ክሬም ይሞሉታል። የጾም ዳቦ፣ ከአፍ እስከ ገደፉ ክሬም! አይቼው ልናገር ስል እታለም ቀደመችኝ፦ «እኔም አልበላውም፤ አፍህን ዝጋ።»

እሑድ፣ የካቲት 30

ሳን ጆቫኒ ኢን ላቴራኖ። የሮማ ካቴድራል ይቺ ናት እንጂ ቅዱስ ጴጥሮስ አይደለም፤ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በር ላይ የአብያተ ክርስቲያናት ሁሉ እናት እንደሆነች ተጽፏል። ወንጌሉ ጌታ በምድረ በዳ አርባ ቀን የጾመበት ነው። «ሃሌ ሉያ» አይባልም፤ እስከ ትንሣኤ ይቀመጣል። አልባሱ ሐምራዊ ነው፤ መንበሩ ላይ አበባ የለም። እኛም ዛሬ ምኩራብ ነው፤ ከበሮና ጸናጽል ተቀምጧል። ዘንድሮ ደግሞ ትንሣኤው አንድ ቀን ዋለ፤ ሚያዝያ 12። የኒቅያ ጉባኤ 1,700 ዓመት የሚሞላው በዚሁ ዓመት ነው፤ የትንሣኤን ቀን ሁሉም ባንድነት እንዲያከብረው የወሰኑት እዚያ ነበር። እታለምና እናቴ በስልክ የማይጣሉበት ዓመት ነው ማለት ነው።

ከፊት ለፊት ቅድስት ደረጃ አለች። ጌታ ወደ ጲላጦስ የወጣባት ናት፣ ንግሥት እሌኒ ናት ያመጣቻት ይባላል። 28 ደረጃ። በእግር አይወጣም፤ በጉልበት ብቻ። እብነ በረዱ በእንጨት ተሸፍኗል፤ እንጨቱ ደግሞ በሰው ጉልበት ብዛት ጎድጉዷል። ጉድጓዷ ውስጥ ጉልበትህ ገጥማ ትቀመጣለች፤ ካንተ በፊት ስንት ሰው እንዳለፈ የሚገባህ ያኔ ነው። በየደረጃው ጸልየው ነው የሚያልፉት። መቶ ስግደት የሚሰግድ ሰው ነኝ፤ 28 ምን አላት አልኩ። 12ኛዋ ላይ ላብ አሰመጠኝ። ከጎኔ አንዲት ፊሊፒናዊት ስልኳን ደረቷ ላይ አድርጋ ጸሎቷን እያነበበች አለፈችኝ። ከዚያ እታለም፣ በ63 ዓመቷ፣ አለፈችኝ። ላይ ደርሳ ወደ ታች አየችኝ። ምንም አላለችም።

ምሳ ላይ ዶሮ በላች። እሑድ ነዋ። እኔ ሽምብራ።

ሰኞ፣ መጋቢት 1

ሻንጣው መጣ! ጠርዙ ተሰንጥቋል፤ በርበሬው ግን ደህና ነው።

የዛሬው ሳን ፒዬትሮ ኢን ቪንኮሊ ነው። ጴጥሮስ የታሰረባቸው ሰንሰለቶች መስታወት ውስጥ አሉ፤ የማይክል አንጀሎ ሙሴም ከነቀንዱ ተቀምጧል። እውነቱን ለመናገር ሐሳቤ ሁሉ ሽሮው ላይ ነበር። ማታ እታለም ክዳኑን ስትከፍት ክፍሉ በሙሉ እምድብር ሆነ። ሁለት ጊዜ አነሣሁ። ከጾሙ ሁሉ የጠገብኩበት ቀን ይኸ ነው፤ ጾም ነው ካልን።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 2

እታለም ስትቀሰቅሰኝ አልተነሣሁም። እርጥብ ፎጣዬም ወንበሯ ላይ ነበር። በእንቅልፍ ልቤ በሩ ሲዘጋ ሰማሁ። ከዚያ በፊት ደግሞ ኩሽና ውስጥ አንድ ነገር ቃ አለ።

ቀትር ላይ ብቻዬን ሳንታናስታዚያ ሄድኩ። ፓላቲኖ ሥር ናት፤ ቱሪስቱ ሁሉ በአጠገቧ ወደ ፍርስራሹ ይነጉዳል። እዚህ ቅዱስ ቁርባን ቀንም ሌሊትም ለአምልኮ ተቀምጦ ነው የሚውለው፤ ሁልጊዜ ቢያንስ አንድ ሰው አለ። ስገባ አምስት ሰዎች ነበሩ። አንዱ የሞተር ሳይክል ቆብ እጁ ላይ አንጠልጥሏል። የምግብ አድራሽ ሻንጣው አጠገቡ መሬት ላይ ነው። አሥር ደቂቃ ያህል ተቀመጠ፤ ስልኩ ተንቀጠቀጠ፤ ተሳልሞ ወጣ።

እኔ አንድ ሰዓት ቆየሁ። ምን ተውክ የሚለው ነገር አልለቀቀኝም። ሥጋን አሰብኩ፤ የተውኩት እኔ አይደለሁም፤ ከተወለድኩ ጀምሮ ቤቱ በጾም ይጾማል። ማስቲካ? ፌስቡክ? ልጅነት ሆነብኝ። ከዚያ የመጣሁበት ቀን የሳቅሁት ሳቅ ትዝ አለኝ። የፍኖተ መስቀሉ። የመብራቱ። የክሬሙ። የዶሮው። ስምንት ቀን ሙሉ በሰው ሣህን ላይ ዐይኔን ተክዬ እንደነበር ታየኝ። ሌላ ምንም ሳልል ወጣሁ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 3

በረራዬ ማታ ነው። የዛሬው ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ናት፤ ከእታለም ቤት በእግር ትደረሳለች። ሻንጣ ሳልይዝ፣ ሰዓት ሳላይ ተራመድኩ።

በግራ በኩል ባለው ትልቁ ጸሎት ቤት የእመቤታችን ጥንታዊ ሥዕል አለ፤ ሉቃስ የሳላት ናት ይባላል። ፍራንቸስኮስ ከእያንዳንዱ የውጭ ጉዟቸው በፊትና በኋላ እየመጡ የሚጸልዩት እሷ ፊት ነው። ቀና ብዬ ሳያት ደነገጥኩ። አውቃታለሁ! የቀኝ እጇ በግራዋ ላይ ተሻግሯል። ሁለት ጣቶቿ ወደ ታች ተዘርግተዋል። በግራ እጇ ትንሽ መሐረብ ይዛለች። ልጁ በአንድ እጁ ይባርካል፣ በሌላው መጽሐፍ ይዟል። ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ያለችው ምስለ ፍቁር ወልዳ ናት፤ ጣቶቿ ሳይቀሩ። ኋላ እንደተረዳሁት የዚህች ሥዕል ቅጂ በኢየሱሳውያን፣ በካቶሊክ ሚስዮናውያን፣ በኩል ከ400 ዓመት በፊት አገራችን ገብቶ የእኛ ሠዓሊዎች በራሳቸው ዐይንና ቀለም ደጋግመው ሳሏት። እናቴ ማታ ማታ ሻማ የምታበራላት፣ እታለም ጠዋት ጠዋት የምትሳለማት አንዲት ሥዕል ናት። ሁለቱም አያውቁም።

ለእታለም ነገርኳት። ረጅም ሰዓት አየቻት። «ታዲያ ለእናትህ ንገራት» አለች። ከዚያ ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ወደ ሲኞራዋ ሮጠች።

ማታ ተርሚኒ ድረስ ሸኘችኝ። ባቡሩ በር ላይ «እሺ፣ ምን ተውክ?» አለችኝ።

«ገና ነኝ።»

«38 ቀን አለህ።»

ከዚያ ወዲህ

ይህን ማስታወሻ ስተይብ ፋሲካው አልፏል። ፍራንቸስኮስ መጋቢት 14 ከሆስፒታል ወጥተው ነበር፤ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ጎራ ብለው በእመቤታችን ፊት የሚቀመጥ አበባ ሰጡ። በፋሲካ ማግስት ሰኞ ጠዋት ዐረፉ። ሚያዝያ 18 የተቀበሩት እዚያው ነው፤ በራሳቸው ኑዛዜ፤ ከዚያች ሥዕል ጥቂት ርምጃ አለፍ ብሎ። እታለም ሦስት ሰዓት ተሰልፋ ተሳለመች። ፎቶ ላከችልኝ፤ መቃብሩ ላይ «ፍራንቸስኮስ» ብቻ ነው የተጻፈው፤ አንዲት ነጭ ጽጌረዳ አለች።

እዚህ መሥሪያ ቤት፣ ጾሙ ሊፈታ ሰሞን፣ አንዱ ባልደረባዬ «ካቶሊኮች ግን ይጾማሉ እንዴ?» አለኝ። ብዙ የሚባል ነገር አፌ ላይ ነበር። ሽሮዬን አጥቅሼ ጎረስኩ።

በስልክ እታለም ያችኑ ጥያቄዋን መልሳ አመጣች። «ትቻለሁ» አልኳት።

«ምን?»

«ማቴዎስ 6 እንዳትነግራት ይላል።»

ሳቀች። እኔም ስለ ሣጥኑ ጠየቅኋት። 34 ዩሮ ተገኝቷል። ሲኞራዋ ይህን ያህል አስቸጋሪ ናት እንዴ አልኩ።

«የሲኞራዋ 23 ነው» አለችኝ። «የቀረው አንተ እዚህ በነበርክበት ሳምንት የገባ ነው።»